የፓኬጁ ፖስትኢንስት ሰርቪሱን ያለፈቃድ ያስነሳል፦ በምን ይስተካከል?

ምሽት_ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚገነባ አንድ የዴቢያን ፓኬጅ አለ፤ «ሰብሳቢ» እንበለው። ሎግ እየሰበሰበ ወደ ማዕከል የሚልክ ዲመን (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ፖስትኢንስቱ (ፓኬጁ ሲጫን መጨረሻ ላይ የሚሠራው ስክሪፕት) ይኸው፣ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም፦

#!/ቢን/ኤስኤች
ሴት -ኢ
ሲስተምሲቲኤል ዲመን-ሪሎድ
ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ሰብሳቢ.ሰርቪስ
ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሰብሳቢ.ሰርቪስ

ፕሪአርኤሙ (ፓኬጁ ከመወገዱ ወይም ከመታደሱ በፊት የሚሠራው ስክሪፕት) ደግሞ አንድ መስመር ነው፤ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ሰብሳቢ.ሰርቪስ»።

የሚያስቸግረው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች ላይ አድሚኖቹ ሰርቪሱን ሆን ብለው ዲስኤብል አድርገውታል (ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ)፤ ፓኬጁ አፕግሬድ በተደረገ ቁጥር ግን ተመልሶ ይነሳል። የኮንቴይነር ኢሜጅ ሲገነባ ደግሞ ሲስተምሲቲኤል (የሰርቪስ አስተዳዳሪው የሲስተምዲ ትእዛዝ) «ሲስተሙ በሲስተምዲ አልተነሳም» ብሎ ይወድቃል፤ ዲፒኬጂም (የዴቢያን ፓኬጅ ጫኙ) ስክሪፕቱ 1 መለሰ ብሎ ፓኬጁን ግማሽ እንደተዋቀረ ትቶት ይቆማል። የሚገርመው እዚያው ኢሜጅ ውስጥ 101 (ክልክል ነው) የሚመልስ ፖሊሲ-አርሲ.ዲ ተቀምጧል፤ ፓኬጆች ሰርቪስ ማስነሳት ይችሉ እንደሆነ የሚወስነው ስክሪፕት ማለት ነው። ሌሎቹ ፓኬጆች በሙሉ ያከብሩታል፣ ይኼኛው ግን ጭራሽ አያየውም።

መስመሮቹ ጫፍ ላይ «|| ትሩ» (ትእዛዙ ቢወድቅም እንደተሳካ ቁጠረው) ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የኢሜጁን ኤረር ዝም ያሰኛል እንጂ የመጀመሪያውን ችግር አይነካውም። ማስነሻውን ጨርሶ ማውጣት ነው የሚሻለው ወይስ ሌላ ሥርዓት ያለው መንገድ አለ? ፓኬጁ የሚገነባው በዴብሄልፐር (የፓኬጅ መገንቢያ መሣሪያዎች) ነው፤ የአሠራር ደረጃው ኮምፓት 13።

ጥቅል_ቋጣሪ

«|| ትሩ»ን ተወው። ሦስቱም ችግሮች አንድ ምንጭ አላቸው፤ ስክሪፕቱ ሲስተምሲቲኤልን በቀጥታ ይጠራል። ሲስተምሲቲኤል የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ «አድሚኑ ቀድሞ ምን ወስኖ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም፤ ፖሊሲ-አርሲ.ዲ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ፓኬጅ የሌላ ሰው ማሽን ላይ ሩት ሆኖ ስለሚሠራ ጥያቄው በአማላጅ በኩል መሄድ አለበት። አማላጆቹ ሁለት ናቸው፦

ዴብ-ሲስተምዲ-ሄልፐር የኢኔብልና ዲስኤብል ጉዳይ የሚመለከተው ነው። የትኞቹን ሊንኮች እንደፈጠረ በ/ቫር/ሊብ/ሲስተምዲ/ዴብ-ሲስተምዲ-ሄልፐር-ኢኔብልድ ሥር መዝግቦ ይይዛል። በኋላ አፕግሬድ ሲመጣ መዝገቡን ከ/ኢቲሲ ጋር ያስተያያል፤ የተመዘገበው ሊንክ ከጠፋ አድሚኑ ነው ያጠፋው ብሎ አይመልሰውም።

ዴብ-ሲስተምዲ-ኢንቮክ ደግሞ የማስነሳትና የማቆም ነው። መጀመሪያ ፖሊሲ-አርሲ.ዲን ይጠይቃል። 101 ከተመለሰለት አይነካካውም። ዩኒቱ (ሰርቪሱ ለሲስተምዲ የተገለጸበት ፋይል) ዲስኤብል ከሆነና እየሠራ ካልሆነም «ዲስኤብል የሆነ ወይም ስታቲክ ዩኒት ነው፣ አላስነሳም» ብሎ ያልፋል።

ሁለቱም ኢኒት-ሲስተም-ሄልፐርስ ከሚባለው ፓኬጅ ነው የሚመጡት፤ እሱ ኢሴንሻል (ሁሉም ሲስተም ላይ የግድ ያለ) ስለሆነ ዲፔንደንሲ አድርገህ መጻፍ አያስፈልግህም።

ኮምፓት 13 ላይ ከሆንክ በእጅ የምትጽፈው ነገር የለም። ዩኒቱን ዴቢያን/ሰብሳቢ.ሰርቪስ ብለህ አስቀምጥ። ከፖስትኢንስቱም ከፕሪአርኤሙም የሲስተምሲቲኤል መስመሮችን በሙሉ አውጣ። በምትካቸው #ዴብሄልፐር# የሚለውን ምልክት ለብቻው በአንድ መስመር ላይ አስገባ። ከኮምፓት 11 ጀምሮ ዲኤች_ኢንስቶልሲስተምዲ በራሱ ጊዜ ይጠራና ምልክቱን በትክክለኛው ኮድ ይተካዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ምልክቱን ከረሳኸው ቢልዱ አይወድቅም፤ ኮዱ ዝም ብሎ ይቀራል፣ ሰርቪሱም አይነሳም አይቆምም። ሌላው ቅደም ተከተል ነው። ሰርቪሱ ከመነሳቱ በፊት መኖር ያለበት ነገር (ዩዘሩ፣ የዳታ ዳይሬክተሪው፣ ፐርሚሽኑ) ከምልክቱ በላይ መጻፍ አለበት። ከሥር ካስቀመጥከው ሰርቪሱ ቀድሞ ይነሳና ዩዘር አጣሁ ብሎ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ዩዘሩ ይፈጠራል። ሎጉን የሚያየው ሰው ሁሉም ነገር በቦታው እያለ ለምን እንደወደቀ አይገባውም።

ከቢልድ በኋላ በግምት አትመን። በ«ዲፒኬጂ-ዴብ -ኢ» ስክሪፕቶቹን አውጥተህ አንብብ። ማየት ያለብህ ይህን ነው፦ ሥራው የሚጀመረው የመጀመሪያው አርጉመንት ኮንፊገር ሲሆን ነው (አቦርት-አፕግሬድና ዘመዶቹም አብረው አሉ)፤ /ረን/ሲስተምዲ/ሲስተም የሚባል ዳይሬክተሪ መኖሩ ይጣራል፤ ሁለተኛው አርጉመንት ባዶ ከሆነ ስታርት፣ ቨርዥን ካለበት ሪስታርት ይመረጣል፤ በመጨረሻም ዴብ-ሲስተምዲ-ኢንቮክ ይጠራል። የኢሜጁን ኤረር የሚያጠፋው ያ የዳይሬክተሪ ማጣሪያ ነው። ሲስተምዲ ባልተነሳበት ቦታ ዳይሬክተሪው ስለማይኖር ስክሪፕቱ ወደ ውስጥ ሳይገባ በሰላም ይጨርሳል።

ሊንቲያንን (የፓኬጅ ስህተት ፈታሹን) በፓኬጁ ላይ አስኪደው። «ሜንቴነር-ስክሪፕት-ኮልስ-ሲስተምሲቲኤል» የሚል ምልክት ካወጣ የሆነ ቦታ የቀረ መስመር አለህ ማለት ነው።

ባዶ_ሼል

ስለ ፖሊሲ-አርሲ.ዲ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ፋይሉን ያስቀምጥና ለምን እንደማይሠራ ግራ ይገባዋል።

ፋይሉ ሁለት መስመር ነው፦ የሼል መነሻ መስመርና «ኤግዚት 101»። መቀመጫው /ዩኤስአር/ኤስቢን/ፖሊሲ-አርሲ.ዲ። ፐርሚሽኑ 755 ይሁን። ኤግዜኪዩተብል ካልሆነ ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም፤ እንደሌለ ተቆጥሮ ሰርቪሱ ይነሳል።

ሁሉንም ከልክለህ አንዱን ብቻ መፍቀድ ከፈለግክ ስክሪፕቱ የመጀመሪያ አርጉመንት ሆኖ የሚደርሰውን ስም አይቶ 0 መመለስ ይችላል። ስሙ ግን እንደጠሪው ይለያያል። ኢንቮክ-አርሲ.ዲ ባዶውን ስም ነው የሚሰጠው፤ ዴብ-ሲስተምዲ-ኢንቮክ ግን ከነ«.ሰርቪስ» ቅጥያው። በኬዝ መስመርህ ላይ ሁለቱንም ጻፍ።

ኢሜጁ ወደ እውነተኛ ማሽን ወይም ቪኤም የሚሄድ ከሆነ ፋይሉን መጨረሻ ላይ አጥፋው። ካልጠፋ ከወራት በኋላ ሰው በዚያ ማሽን ላይ ፓኬጅ ይጭናል፣ ሰርቪሱ አይነሳም፣ ኤረርም አያይም። ለኮንቴይነር ብቻ ከሆነ ይቆይ፤ በዶከር ላይ ያለው ኦፊሻል የዴቢያን ኢሜጅ ራሱ ይዞት ነው የሚመጣው።

ሲኤችሩት (የራሱ ሩት ዳይሬክተሪ ያለው የተከለለ ቦታ) ውስጥ የምትገነባ ከሆነ ደግሞ የሆስቱን /ረን ባይንድ ማውንት አታድርግ። /ረን/ሲስተምዲ/ሲስተም ከሆስቱ ስለሚታይ ከላይ የተባለው ማጣሪያ «ሲስተምዲ አለ» ብሎ ያሳልፋል። ፖሊሲ-አርሲ.ዲ ካለ እሱ ይይዝልሃል፣ ከሌለ ግን አንድ አጥር አፍርሰሃል።

በነገራችን ላይ በሲስተምሲቲኤል ፈንታ የድሮውን /ኢቲሲ/ኢኒት.ዲ ስክሪፕት በቀጥታ የሚጠራ ፖስትኢንስት ከዚህ ይብሳል። ሲኤችሩት ፕሮሰስ አይለይም፤ ዲመኑ ሆስቱ ላይ በትክክል ይነሳና የሲኤችሩቱን ፋይሎች ይዞ ይቀመጣል። ቢልዱ ሲያልቅ ኣንማውንቱ «ታርጌቱ ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። «ፊውዘር -ቪኤም» ከማውንት ፖይንቱ ጋር ብትሰጠው ማን እንደያዘው ይነግርሃል።

ምሽት_ፈረቃ

አመሰግናለሁ፣ ኢሜጁ አሁን ይገነባል፤ ሊንቲያንም ዝም ብሏል። የቀረው አፕግሬዱ ነው። በእጅ ከተጻፈው 1.9 ወደ አዲሱ 2.0-1 ሲኬድ፣ ሰርቪሱ ዲስኤብል በሆነበት የሙከራ ማሽን ላይ እንደገና ኢኔብል ሆኖ ተነሳ። ከ2.0-1 ወደ 2.0-2 ሲሆን ግን ዲስኤብሉ ተከበረ። የመጀመሪያው ላይ ብቻ ለምን?

ጥቅል_ቋጣሪ

መዝገብ ስለሌለው ነው። አሮጌው ስክሪፕት ኢኔብል ያደረገው በሲስተምሲቲኤል ስለሆነ ዴብ-ሲስተምዲ-ሄልፐር ስለዚህ ዩኒት የያዘው አንድም መረጃ የለም። ዲኤች_ኢንስቶልሲስተምዲ ያስገባው ኮድ «ዎዝ-ኢኔብልድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገብ ከሌለ መልሱ አዎ ነው። አዲስ ለሚጭን ሰው ትክክል ነው፤ ከእጅ ጽሑፍ ወደ ሄልፐር ለሚሸጋገር ፓኬጅ ግን የአድሚኑን ውሳኔ ይሽራል። ከአንድ ጊዜ በኋላ መዝገቡ ስለተፈጠረ ነው ከ2.0-1 ወደ 2.0-2 ያለችግር የሄደው።

መፍትሔው ሄልፐሩ ከመጠየቁ በፊት መዝገቡን መሥራት ነው። በፖስትኢንስቱ ውስጥ፣ የኮንፊገር ክፍል ላይ፣ ከ#ዴብሄልፐር# በላይ፦

ኢፍ ዲፒኬጂ --ኮምፔር-ቨርዥንስ "$2" ኤልቲ-ኤንኤል 2.0-1 &&
   [ ! -ኤል /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም/መልቲ-ዩዘር.ታርጌት.ዋንትስ/ሰብሳቢ.ሰርቪስ ]፣ ዜን
     ዴብ-ሲስተምዲ-ሄልፐር አፕዴት-ስቴት ሰብሳቢ.ሰርቪስ
ኤፍአይ

አፕዴት-ስቴት በዩኒቱ የኢንስቶል ክፍል መሠረት መዝገቡን ይጽፋል እንጂ ሊንኩን አይፈጥርም። ስለዚህ ከሥር ያለው ኮድ «ዎዝ-ኢኔብልድ?» ሲል መዝገቡ ሊንክ ይጠብቃል፣ /ኢቲሲ ውስጥ ግን የለም፣ መልሱ አይደለም ይሆናል። ኢኔብል አያደርገውም፤ ዩኒቱ ዲስኤብል ስለሆነ ኢንቮኩም አያስነሳውም።

«ኤልቲ-ኤንኤል» የተባለው በምክንያት ነው። ተራው «ኤልቲ» ባዶ ቨርዥንን ከሁሉም ያነሰ አድርጎ ስለሚቆጥረው በአዲስ ጭነት ላይም እውነት ይሆናል፤ ያኔ ሊንኩ ገና ስላልተፈጠረ ማንም ዲስኤብል ያላደረገውን ሰርቪስ ዲስኤብል ብለህ ትመዘግበዋለህ። ኤንኤል ያለበት ባዶውን ከሁሉም የበለጠ ያደርገዋል፣ ስለዚህ አዲስ ጭነት አይነካም።

2.0-1 ለሌሎች ማሽኖች ተልኮ ከሆነ ግን እዚያ የተሻረውን ይህ ኮድ አይመልሰውም። የትኛው ማሽን ላይ ዲስኤብል እንደነበረ አሁን የሚናገር ፋይል የለም። እዚያ አድሚኖቹ ራሳቸው እንደገና ዲስኤብል ያድርጉት።

ሦስተኛ_ደረጃ

ስለ ፕሪአርኤሙ ማንም አልተናገረም። አፕግሬድ ሲሆን መጀመሪያ የሚሠራው ማሽኑ ላይ ያለው የአሮጌው ፓኬጅ ፕሪአርኤም ነው፣ «አፕግሬድ» የሚል አርጉመንት ይዞ። ያንተ 1.9 አርጉመንቱን ሳያይ ስቶፕ ያደርጋል። 2.0-1 ውስጥ ምንም ብትጽፍ ያን መለወጥ አትችልም፤ ስለዚህ በዚህ አንድ ሽግግር ሰርቪሱ ለጥቂት ጊዜ መቆሙ አይቀርም። ቀጥሎ ያሉት አፕግሬዶች ላይ ግን አይቆምም። ከኮምፓት 10 ጀምሮ ነባሪው አሠራር ፋይሎቹ ተፈትተው ካለቁ በኋላ ፖስትኢንስቱ ላይ አንዴ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ፕሪአርኤሙ የሚያቆመው ፓኬጁ ሲወገድ ብቻ ነው።

አሮጌው ፕሪአርኤም ከወደቀ (ኮንቴይነር ውስጥ ይወድቃል) ዲፒኬጂ ተስፋ አይቆርጥም። የአዲሱን ፓኬጅ ፕሪአርኤም «ፌይልድ-አፕግሬድ» በሚል አርጉመንትና በአሮጌው ቨርዥን ይጠራዋል። አዲሱ 0 ከመለሰ አፕግሬዱ ይቀጥላል። ስለዚህ አዲሱ ፕሪአርኤም የማያውቀው አርጉመንት ሲመጣ 1 የሚመልስ የኬዝ መዝጊያ ካለው ፌይልድ-አፕግሬድን በስም ጨምረህ አሳልፈው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ሁለተኛው አርጉመንት ባዶ መሆኑ «ይህ ፓኬጅ እዚህ ማሽን ላይ ኖሮ አያውቅም» ማለት ነው ብለህ አትገንባ፣ ባዶ አለመሆኑም «አሁን አፕግሬድ ነው» ማለት አይደለም። ፓኬጁ ሪሙቭ ተደርጎ ፐርጅ (ከነኮንፊጉ ማጥፋት) ካልተደረገና ኋላ እንደገና ከተጫነ የድሮው ቨርዥን ይደርስሃል። «መጀመሪያ ጊዜ ብቻ» የሚደረግ ሥራ ካለህ የሥራውን ውጤት ፈትሽ፤ ዳይሬክተሪው አለ ወይ፣ ዩዘሩ አለ ወይ ብለህ።

ጸጥታ_ወዳድ

እኔ በመሠረቱ ላይ አልስማማም። ሎግ ወደ ውጭ የሚልክ ዲመን ኮንፊግ ሳይሞላ ለምን ይነሳል? ዲኤች_ኢንስቶልሲስተምዲን በ«--ኖ-ኢኔብል» ጥራው፤ ዲስኤብል የሆነ ዩኒት ኢንቮኩ ስለማያስነሳው አድሚኑ ኮንፊጉን ሞልቶ ሲፈልግ ያበራዋል። «--ኖ-ስታርት» ሌላ ነው፤ አዲስ ሲጫን አያስነሳም ግን ኢኔብል ስለሚያደርገው ማሽኑ ሪቡት ሲደረግ ይነሳል። ይኼን ሳይለዩ አንዱን ብቻ ጽፈው የሚገረሙ ብዙ ናቸው።

ጥቅል_ቋጣሪ

ለውስጥ ፓኬጅ ያስኬዳል። ግን ብዙ ማሽን ላይ በአውቶሜሽን የሚጫን ከሆነ እያንዳንዱ ላይ ኢኔብል የሚል ተጨማሪ እርምጃ ይመጣል፤ አንዱ ከተረሳ ሎግ የማይልክ ማሽን ይኖርሃል፣ መቅረቱን የሚያስታውቅህ ደግሞ ያው ያልመጣው ሎግ ነው። እኔ የምመርጠው ዩኒቱ ላይ፣ በዩኒት ክፍሉ ውስጥ፣ «ኮንዲሽንፓዝኤግዚስትስ=/ኢቲሲ/ሰብሳቢ/መዳረሻ.ኮንፍ» መጻፍ ነው። ፋይሉ ከሌለ ሲስተምዲ ዩኒቱን ይዘለዋል፤ ፌይልድ አይለውም፣ ሞኒተሪንጉም አይጮህም። ኢኔብል እንደሆነ ስለሚቆይ ኮንፊጉ ከተቀመጠ በኋላ ስታርት ወይም ሪቡት ይበቃዋል። ያ ፋይል ግን ከፓኬጁ ጋር መምጣት የለበትም፣ አለበለዚያ ኮንዲሽኑ ሁልጊዜ እውነት ነው።

ባዶ_ሼል

ታይመር ካለህ ደግሞ የሚጠራው ሰርቪስ የኢንስቶል ክፍል አይኑረው። «ዋንትድባይ=መልቲ-ዩዘር.ታርጌት» ከተጻፈበት ከታይመሩ ውጭ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አንዴ ይሠራል። ኢኔብል የሚደረገው ታይመሩ ብቻ ነው፣ እሱ «ዋንትድባይ=ታይመርስ.ታርጌት» ይኑረው።

ምሽት_ፈረቃ

ኮንዲሽኑን ወስጃለሁ፤ ታይመር የለንም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ኢኔብል ሆኖ ለጥገና ስቶፕ ብቻ የተደረገ ሰርቪስ አፕግሬድ ሲመጣ ይነሳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው? ያው ፓኬጅ በአርፒኤምም (የፌዶራና የመሰሎቹ የፓኬጅ ዓይነት) ሊወጣ ነው፤ እዚያስ?

ሦስተኛ_ደረጃ

የሚጠበቅ ነው። ኢንቮኩ የሚያየው ኢኔብል መሆኑን ነው፤ ሪስታርት ደግሞ የቆመውንም ያስነሳል። ስቶፕ ጊዜያዊ ሁኔታ ስለሆነ የትም አይመዘገብም። ጥገና ላይ ያለ ሰው «ሲስተምሲቲኤል ማስክ --ረንታይም» ይጠቀም፤ ማስክ ሰርቪሱ ጨርሶ እንዳይነሳ ያግዳል። የማስኩ ሊንክ /ረን ውስጥ ስለሚቀመጥ ሪቡት ሲደረግ በራሱ ይጠፋል። ቋሚው ማስክ /ኢቲሲ ውስጥ ወደ /ዴቭ/ነል የሚያመለክት ሊንክ ነው፤ የፓኬጁ ኮድ ኣንማስክ ሲል ብታየው አትደንግጥ፣ የሚያነሳው ሄልፐሩ ራሱ ፓኬጁ ሲወገድ ያደረገውን ማስክ ብቻ ነው። አድሚኑ ያደረገውን አይነካም።

አርፒኤም ላይ አካሄዱ ይለያል፤ ፌዶራ ውስጥ ልማዱ ሲጫኑ አለማስነሳት ነው። በስፔክ ፋይሉ ቢልድሪኳየርስ ላይ ሲስተምዲ-አርፒኤም-ማክሮስን ጨምር፤ ከዚያ %ፖስት ላይ %ሲስተምዲ_ፖስት፣ %ፕሪኣን ላይ %ሲስተምዲ_ፕሪኣን፣ %ፖስትኣን ላይ %ሲስተምዲ_ፖስትኣን_ዊዝ_ሪስታርት፤ ሁሉም የዩኒቱን ስም ይቀበላሉ። ኢኔብል ይሁን ዲስኤብል የሚወስነው የፕሪሴት ፋይል ነው። የድርጅትህ ማሽኖች ላይ እንዲበራ ከፈለግክ «ኢኔብል ሰብሳቢ.ሰርቪስ» የሚል መስመር ያለው ፋይል በ/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ፕሪሴት ሥር፣ ከ90 ባነሰ ቁጥር በሚጀምር ስም አስቀምጥ፤ መጀመሪያ የተገኘው መስመር ነው የሚያሸንፈው።

የዴቢያን ስክሪፕቱን ወስደህ እንዳትለጥፍ። አርፒኤም ላይ የመጀመሪያው አርጉመንት ቁጥር ነው፦ %ፖስት ላይ 1 አዲስ ጭነት፣ 2 አፕግሬድ፤ %ፕሪኣን ላይ 0 ማስወገድ። ቅደም ተከተሉም የተገላቢጦሽ ነው፤ የአዲሱ %ፖስት ከሠራ በኋላ ነው የአሮጌው %ፕሪኣን የሚመጣው። 0 መሆኑን ሳያጣራ ስቶፕ የሚል %ፕሪኣን አዲሱ ስክሪፕት ያስነሳውን ሰርቪስ ከሥር መጥቶ ይገድለዋል። አፕግሬዱ ያለኤረር ያልቃል፣ ሰርቪሱ ግን ቆሟል።

ባዶ_ሼል

ከመልቀቅህ በፊት ሲስተምዲ በተነሳበት የሙከራ ኮንቴይነር («ሲስተምዲ-ኤንስፖውን -ቢ» ይበቃል) ከ1.9 ወደ አዲሱ አራት ጊዜ ሂድ፦ ሰርቪሱ እየሠራ፣ ዲስኤብል ሆኖ፣ ማስክ ሆኖ፣ ሪሙቭ ተደርጎ ፐርጅ ሳይደረግ። በየዙሩ በፊትና በኋላ «ኢዝ-ኢኔብልድ» እና «ኢዝ-አክቲቭ» ጠይቅ፤ የመጀመሪያው ላይ ሁለቱም ሳይለወጡ መቅረት አለባቸው፣ ዲስኤብልና ማስክ ላይም እንደዚያው። «ዲፒኬጂ -ዲ2 -አይ» ብለህ ከጫንክ የትኛው ስክሪፕት በምን አርጉመንት እንደተጠራ በየመስመሩ ያወጣልሃል። ከዚያ ፒዩፓርትስን አስኪደው፤ ሲኤችሩት ውስጥ ጭኖና አውጥቶ የቀረ ፕሮሰስ ካገኘ ይጮህብሃል።